የውኃ ሞተር ጢስ ምን ይናገራል?

በበጋ ወራት በፎገራ ሜዳ የሚያልፍ ሰው ገና ሽንኩርቱን ሳያይ የሞተር ድምፅ ይሰማል። በርብና በጉማራ ወንዞች ዳር ብዙ ገበሬ ማሳውን የሚያጠጣው በትንሽ የናፍጣ ወይም የቤንዚን ሞተር ነው። ሞተሩ ከሠራ ሽንኩርቱ አለ። ሞተሩ ከቆመ ግን ፀሐይ ቆማ አትጠብቅም። ሽንኩርት ሥሩ አጭር ስለሆነ ከጥልቅ መሬት እርጥበት መሳብ አይችልም። ራስ መቋጠር በጀመረበት ጊዜ ውኃ ካጣ ራሱ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለናፍጣ የወጣው ገንዘብም እዚያው ማሳው ላይ ይቀራል።

በአንድ ገበሬ የደረሰውን እናውራ። ይህ ሰው ሞተሩ ጥቁር ጢስ ማውጣት ጀመረበት። ጉልበቱም ደከመ፤ ውኃው ቱቦውን ሞልቶ መውጣቱን ተወ። ሰውየው ሞተሩን በጋሪ አስጭኖ ከተማ ወሰደው። ጠጋኙም ገና እንዳየው «የናፍጣ ፓምፑ ሞቷል፤ ይለወጣል» አለ። ፓምፕ ተገዛ፤ ዘጠኝ ቀን አለፈ። ሞተሩ ተመልሶ ወንዝ ዳር ሲተከል ጢሱ ያው ጥቁር ነው። በዚህ መካከል የወንድሙ ልጅ መጣና ሞተሩን ዞሮ ተመለከተ።

«ጋሼ፣ ይህችን ጣሳ ከፍተው አይተዋት ያውቃሉ?»

«የቷን?»

«አየር የሚገባባትን።»

«ከተገዛ ጀምሮ ማን ነክቷት!»

ጣሳዋ ስትከፈት ውስጧ ጭቃ ሆኗል። አጥበው መለሷት። ሞተሩ ተነሣ፤ ጢሱም ጠራ። ከሽንኩርቱ ግን ግማሹ ደርቆ ነበር።

ለመሆኑ ሞተር ለምን ይጨሳል? ነገሩ ከምድጃ እሳት ብዙም አይርቅም። ምድጃ ውስጥ እንጨት ከመጠን በላይ ታጭቆ አየር ሲያጣ በጥቁር ይጨሳል። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ነጭ ጢስ ይወጣዋል፤ ዓይንም ያቃጥላል። ቅቤ ወይም ዘይት እሳቱ ላይ ሲንጠባጠብ ደግሞ ጢሱም ሽታውም ሌላ ነው። ሞተርም እንዲሁ ነው። ጥቁር ጢስ አየር አነሰ ወይም ናፍጣ በዛ ማለት ነው። ነጭ ጢስ ናፍጣው ሳይነድ ወጣ፣ ወይም ውኃ ገባ ማለት ነው። ሰማያዊ ጢስ የሞተር ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነው።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን ከ15 እስከ 20 እጥፍ ይጨምቀዋል። አየር ሲጨመቅ ይግላል፤ ግለቱም ከ500 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ናፍጣው በዚያ ግለት ላይ እንደ ጉም ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። እንግዲህ 1 ሊትር ናፍጣ አጥርቶ እንዲነድ ከ10 ሺህ ሊትር ያላነሰ አየር ይፈልጋል። ይህ አየር 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ቢሰፈር 50 በርሜል ይሞላል። ስለ ናፍጣ ዋጋ የማያወራ ገበሬ የለም። ስለ አየሩ ግን የሚያስብ ጥቂት ነው፤ በነጻ ስለሚገኝ ይሆናል።

በተጨማሪም የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ አየር የተስተካከለ ሞተር እዚህ ሲመጣ በትንሹ ቢጠቁር አያስገርምም። የፍጥነቱ እጀታ እስከ መጨረሻው ሲሳብ ደግሞ ጥቁረቱ ይብሳል። ትርፉ ናፍጣ ጢስ ሆኖ ይወጣል እንጂ ውኃ አይጨምርም። እጀታውን ጥቂት መለስ አድርጎ ጢሱ ሲጠራ እዚያ ላይ መተው ይሻላል።

ይህም ሆኖ ጥቁር ጢስ ሲበረታ በመጀመሪያ መከፈት ያለበት የአየር ማጣሪያው ነው። ሥራው ገንዘብ አይፈጅም፤ ከአንድ ቁልፍና ከአንድ ጨርቅ በላይም አይጠይቅም። ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ። ማጣሪያው ከመፈታቱ በፊት አካባቢው ያለው አቧራ በጨርቅ ይጠረግ፤ አለዚያ አቧራው በተከፈተው ቀዳዳ ወደ ሞተሩ ይወድቃል። በብዙ ትንንሽ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ማጣሪያው ከታች ዘይት የሚይዝ ጣሳ፣ ከላዩም የተጠቀለለ ሽቦ ያለው ነው። አቧራው በዘይቱ ይያዛል። አሮጌው ዘይት ይደፋና ጣሳውና ሽቦው በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ይታጠቡ። በቤንዚን ማጠብ ግን እሳት ስለሚጋብዝ መቅረት አለበት። ሽቦው በደንብ ከተንጠፈጠፈ በኋላ ጣሳው ላይ እስከተሠመረው ምልክት ድረስ ንጹሕ የሞተር ዘይት ይጨመራል። ከምልክቱ ማለፍ የለበትም። ዘይቱ ከበዛ ሞተሩ ስቦ ያነደዋል፤ ያን ጊዜ የጥቁሩ ጢስ ነገር ሳያልቅ ሰማያዊው ይመጣል።

ማጣሪያው ወረቀት ከሆነ አይታጠብም። በእጅ መታ መታ ተደርጎ አቧራው ይራገፋል፤ ከተቀደደ ወይም ዘይት ከጠጣ ይለወጣል። አንዳንድ ሰው ግን «ሞተሩ እንዲተነፍስ» ብሎ ማጣሪያውን ጨርሶ ያወጣዋል። በእርግጥ ጢሱ ያን ዕለት ይጠራል። ይሁን እንጂ የመስኩ አቧራ በቀጥታ እየገባ የፒስተኑን ቀለበቶች እንደ ሞረድ ይበላቸዋል። በማጣሪያ ዋጋ ሞተር መሸጥ ማለት ነው።

ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ ጢሱ ካልጠራ የጢስ መውጫው ማርሚታ በጥላሸት አለመደፈኑ ይታይ። ጭነቱም ይታሰብ። ይህም ሁሉ ደኅና ከሆነ ምናልባት ናፍጣውን የሚረጨው ኖዝል ያንጠባጥባል። እሱ መለኪያ መሣሪያ ይፈልጋልና ለመካኒክ ይሰጥ።

ነጭ ጢስ ማለዳ ሞተሩ ሲነሣ ለጥቂት ደቂቃ ቢታይ ጤና ነው። ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋ ግን በቅድሚያ ናፍጣው ይጠርጠር። ጀሪካኑ ዝናብ ሲመታው ያድር ይሆን? ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይዘቅጣል። ስለዚህ ጀሪካኑ ሳይነቃነቅ ካደረ በኋላ ከላይ ከላይ በቀስታ ይቀዳ፤ የመጨረሻው ዝቃጭ ይተው። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ውኃ ሳይፈስ በየቀኑ የሚጎድል ከሆነ ግን ውኃው ወደ ሲሊንደሩ እየሰረገ ነው፤ ሞተሩ ይቁም፤ መካኒክ ይጠራ።

ሰማያዊ ጢስ ሲታይ ሞተሩ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ የዘይቱ ልክ ይለካ። መለኪያው ዘንግ ይወጣል፣ ይጠረጋል፣ ተመልሶ ይገባና እንደገና ይታያል። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ካለፈ ትርፉ ይቀነስ። ልኩ ትክክል ሆኖ ሰማያዊው ጢስ ከቀጠለ ቀለበቶቹ አርጅተዋል። ለዚህ በመስክ ላይ መድኃኒት የለውም።

በዘመኑ ፒክአፕና ሚኒባስ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ከጢሱ ጥቂቱን መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ቫልቭ ይገጠምላቸዋል። የተመለሰው ጢስ የእሳቱን ግለት ስለሚያበርደው ሳንባን የሚጎዳው ናይትሮጅን ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ይቀንሳል። ቫልቩ በጥላሸት ተይዞ እንደተከፈተ ከቀረ ግን ጢሱ የአየሩን ቦታ ይወስዳል፤ መኪናውም በጥቁር ይጨሳል፣ ዳገት ያቅተዋል። ሞተሩ ሲቀዝቅዝ፣ የባትሪው ገመድ ተነቅሎ ቫልቩ ይፈታል። ጥላሸቱ በለስላሳ ብሩሽና በካርቡሬተር ማጽጃ ይጠረጋል፤ የኤሌክትሪክ ክፍሉ አይረጥብም። ሲገጠም ጋስኬቱ አዲስ ይሁን። ቫልቩን በቆርቆሮ የሚደፍኑ ሾፌሮች አሉ። ጢሱ ጠራ ይላሉ፤ የማይታየው ጋዝ ግን በዝቷል።

የማይታይ ጋዝ ሲነሣ የጉድጓዱ ነገር ሊታለፍ አይችልም። መሬት ላይ የተተከለ መሳቢያ ከ6 ወይም ከ7 ሜትር ጥልቀት በላይ ውኃ መሳብ ያቅተዋል። በዚህ ምክንያት የጉድጓዱ ውኃ ሲርቅ ሞተሩን ራሱን ወደ ጉድጓዱ የሚያወርዱ አሉ። የሞተር ጢስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ አለ። ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ደም አየር መሸከሙን እንዲያቆም ያደርገዋል። ከቤንዚን ሞተር የሚወጣው ከናፍጣው ይበዛል። በጉድጓድ ወይም በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲጠራቀም ራስ ያዞራል፣ ጉልበት ይከዳል፤ ሰውዬው መሰላሉን ሳይይዝ ይወድቃል። ኩራዝ ወደ ታች ወርዶ ስላልጠፋ አየሩ ደኅና ነው ማለትም አይቻልም፤ ይህ ጋዝ ሰውን በሚገድል መጠን እያለ ኩራዝ ይበራል።

ሞተሩ ከጉድጓድ ውጭ፣ ጢሱን ነፋስ በሚወስድበት በኩል ይተከል። ሞተር ሲሠራበት ወደ ነበረ ጉድጓድ መውረድ ግድ ከሆነ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ቶሎ አይወረድም፤ ጋዙ እዚያው ይቆያልና። ወራጁ ከብብቱ ሥር በገመድ ይታሠር፤ ሁለት ጎልማሶች ጫፉን ይዘው ከላይ ይቁሙ፤ በየጊዜው ስሙን ይጥሩት። መልስ ካልሰጠ ወዲያው ወደ ላይ ይሳብ። ወንድም ቢሆን አባት ቢሆን ማንም ተከትሎት አይውረድ።