የከንፈር ሸክላው የማን ነው? «ብላክ ፓንተር» እና የተመልካች አስተያየት ጥናት

በራያን ኩግለር አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ2018 ለዕይታ የበቃው «ብላክ ፓንተር» እ.ኤ.አ. በ1966 ከተፈጠረ የኮሚክ ገጸ ባሕርይ የተወሰደ ሲሆን፣ ሩት ካርተርን በአልባሳት ንድፍ የኦስካር ተሸላሚ አድርጓል። ከዋካንዳ ሽማግሌዎች አንዱ አረንጓዴ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ የከንፈር ሸክላ አድርጎ ይታያል። ይህ ጌጥ ግን ከሚዛን ተፈሪ በስተደቡብ ምዕራብ በሚኖሩት ሱሪዎችም ሆነ በሙርሲዎች ዘንድ የሴቶች ነው። ስለሆነም አንዱ ተመልካች የአፍሪካ ውበት ተከበረ ብሎ የሚኮራበት ትዕይንት፣ ባለባህሉን «ይህ የእኛ ነውን?» ሊያሰኘው ይችላል። «ፊልሙን ወደውታል?» ብሎ ብቻ የሚያበቃ መጠይቅ ሁለቱን ስሜቶች በአንድ ቁጥር ይጨፈልቃል። በመሆኑም በአካባቢያችን የሚካሄድ የተመልካች ጥናት አጠቃላይ እርካታን ከመለካቱ አስቀድሞ፣ ተመልካቹ በየትዕይንቱ የራሱ አድርጎ የለየውንና የተቃወመውን ነጣጥሎ ሊመዘግብ ይገባል።