የጠፋ ዘመድ ሲፈለግ፦ ጥያቄ እንዴት ይጻፋል? መልስስ እንዴት ይሰጣል?



የዛሬው ትምህርታችን በበጎ ፈቃደኞች የሚካሄድ የእርዳታ ሥራ ለተረጂው የሚሻሻለው በምን እንደሆነ ይመለከታል። ብዙ ሰው «ቅን ልብ ካለ ይበቃል» ይላል። ቅን ልብ ሥራውን ያስጀምራል እንጂ የጠፋ ሰው ፈልጎ አያገኝም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የዘመድ ፍለጋ ነው፤ በመካከላችን ወንድሙን፣ እናቱን ወይም ልጁን የሚፈልግ ብዙ ነውና።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። አንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1914 ዓ.ም. ሲነሣ፣ በእኛ አቆጣጠር 1906 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል፣ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ስዊዘርላንድ ውስጥ በጄኔቭ ከተማ የጦር ምርኮኞችን የሚያፈላልግ ቢሮ ከፈተ። በዚያን ጊዜ የኮሚቴው ፕሬዚዳንት ጉስታቭ አዶር ነበሩ። ሥራው በጥቂት ሰዎች ተጀመረ፤ ወዲያው ግን «ባሌ የት ነው?» «ልጄ በሕይወት አለ ወይ?» የሚሉ ደብዳቤዎች በቀን በሺህ እየተቆጠሩ ይጎርፉ ጀመር። ዓመቱ ሲያልቅ 1,200 ያህል በጎ ፈቃደኞች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ ራት በሚባለው ሙዚየም ውስጥ ተቀምጠው ይሠሩ ነበር።

ታዲያ መልስ እንዴት ያገኙ ነበር? ዘዴው ቀላል ነው። ከቤተሰብ ደብዳቤ ሲመጣ የሚፈለገው ሰው ስም በአንድ ካርድ ላይ ይጻፋል። ተዋጊዎቹ መንግሥታት የያዟቸውን ምርኮኞች ስም ዝርዝር ሲልኩ ደግሞ እያንዳንዱ ስም በሌላ ካርድ ላይ ይገለበጣል። ሁለቱም ካርዶች በፊደል ተራ በአንድ ሣጥን ይገባሉ። የጥያቄው ካርድና የዝርዝሩ ካርድ ጎን ለጎን ከተገናኙ መልሱ ተገኘ ማለት ነው፤ ለቤተሰቡ ይጻፋል። በዚህ መንገድ ሁለት ሚሊዮን የሚያህሉ ምርኮኞች ተመዝግበዋል። ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ1917 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው። ካርዶቹ ዛሬም በጄኔቭ ተጠብቀው ይገኛሉ፤ ዩኔስኮም በ2007 እ.ኤ.አ. «የዓለም ትውስታ» በተባለው የሰነድ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሯቸዋል።

ስለ ምን ካርድ ሆነ፣ ደብተር አልሆነም? ደብተር ላይ ዛሬ የመጣው ስም ከትናንቱ በታች ይጻፋል፤ ስሙን ለማግኘት ሙሉውን ማንበብ ግድ ነው። ካርድ ግን በቦታው ይሰካል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ካርዱን የጻፈችው ልጅ ነገ ባትመጣ ሌላዋ ከቆመችበት ትቀጥላለች። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። በካምፕ ውስጥ በጎ ፈቃደኛ ብዙ ጊዜ አይቆይም፤ አንዱ ሦስተኛ አገር ይሄዳል፣ አንዱ ሥራ ያገኛል። የሰዎችን ጉዳይ በጭንቅላቱ ይዞ የነበረ ከሆነ ጉዳዩም አብሮት ይሄዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያን ዘመን ሕጉ የሚያውቀው ወታደር ምርኮኛን ነበር። ከቤታቸው ተነቅለው ስለተወሰዱ ሲቪሎች የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ግን ይመጡ ነበር። የኮሚቴው አባል ዶክተር ፍሬዴሪክ ፌሪየር «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም» ብለው አልመለሷቸውም፤ ለሲቪሎች የተለየ ክፍል አቋቋሙ። ፈረንሳዊው ደራሲ ሮማን ሮላን በበጎ ፈቃድ የሠራው በዚሁ ክፍል ነበር። እንግዲህ ሥራ የሚሻሻለው አንዳንዴ ከደንቡ ውጭ የመጣውን ጠያቂ በማዳመጥ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በጎ ፈቃደኛው የቱንም ያህል ቢተጋ የተበላሸ ጥያቄ መልስ አያገኝም። የእኛን ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥ የሚያበላሸው ደግሞ የስም አጻጻፍ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ሚስት የባሏን ስም አትወስድም። ስለዚህ እናትና ልጅ በወረቀት ላይ የማይተዋወቁ ይመስላሉ፤ የውጭ አገር ጸሐፊ ይህን ላያውቅ ይችላል። አንዳንዱም በቤት በአንድ ስም፣ በትምህርት ቤት በሌላ፣ በቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስሙ ይጠራል። ሁሉም መጻፍ አለበት።

ፊደሉም አለ። «ጸጋዬ»ን በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ በቲና በኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ ብቻ። አንዱ ካርድ በቲ ሣጥን፣ ሌላው በኤስ ሣጥን ይገባል፤ ሁለቱ አይገናኙም። በራሳችን ፊደልም ቢሆን ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሐይሉ በአነጋገር አንድ ናቸው፤ በፊደል ተራ ግን ሀ የመጀመሪያው፣ ሐ ሦስተኛው፣ ኀ ደግሞ ከዚያ ርቆ ነው። ስለዚህ ስሙን በሁለቱም ፊደል ጻፉ፤ በእንግሊዝኛ ሌላ አጻጻፍ ካለው እሱንም ከጎኑ አስፍሩ።

የዘመን አቆጣጠርም እንዲሁ ነው። በ2007 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ የተወለደው በ2014 ወይም በ2015 ነው። 2007 ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ልጁ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል። የአሥር ዓመቱ ሕፃን እንደ ጎልማሳ ተቆጥሮ፣ ብቻቸውን ከቀሩ ሕፃናት ዝርዝር ውስጥ ሳይፈለግ ይቀራል ማለት ነው። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጻፍ አይረሳ። ቦታም ቢሆን «አዲስ ዓለም» ቢባል የትኛው? ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለችው ከተማ ናት ወይስ የጎንደሩ ሰፈር? በመጨረሻ የታየበት ቦታና ጊዜ፣ አብሮት የነበረ ሰው፣ ይሠራ የነበረው ሥራ ከመልኩ ይልቅ ይጠቅማሉ።

መልስ ለሚሰጡት ደግሞ እንናገር። በትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ ለጎረቤት ቅጽ የምትሞሉና ደብዳቤ የምትጽፉ ታላላቅ ተማሪዎች፣ ይህ ይመለከታችኋል። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ቁጥርና ቀን ስጡት፤ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ይያዝ። «አልተገኘም» ማለትም መልስ ነው። ዝም ማለት ግን እናትን በየሳምንቱ በፀሐይ ያመላልሳታል። የማታውቁትን አትገምቱ፤ «ሱዳን ገባ ሲሉ ሰምቻለሁ» የሚል ወሬ ሰውን አስነሥቶ መንገድ ላይ ሊጥለው ይችላል። ማንበብ የማይችሉ አባት አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ቢጠይቁ ሦስት ጊዜ መልሱላቸው።

ከሁሉ በላይ ግን፣ የሚፈለገው ሰው ከተገኘ አድራሻውን ለጠያቂው ወዲያው አትስጡ። ተደብቆ የሚኖር፣ መገኘት የማይፈልግ ሰው አለ። ቀይ መስቀልም ቢሆን የተገኘውን ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ አድራሻውን አያስተላልፍም። አገልግሎቱ በነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ አትክፈሉ። የቀይ መስቀል መልእክት የሚባለው ደብዳቤ ደግሞ ሳይታሸግ የሚላክ ስለሆነ የቤተሰብ ወሬ ብቻ ይጻፍበታል። የፖለቲካና የጦር ወሬ ከገባበት አያልፍም።

መልመጃ

1. «ወንድሜን አበበን እፈልጋለሁ። የጎንደር ልጅ ነው። ቀጭን፣ ረዥም ነው። እባካችሁ ቶሎ ፈልጉልኝ።» በዚህ ማስታወሻ ውስጥ በካርድ ላይ ሊጻፍ የሚችለው የትኛው ነው? የጎደለውን ለማወቅ ጠያቂውን የምትጠይቋቸውን አምስት ጥያቄዎች ጻፉ።

2. የክፍላችሁን ተማሪዎች ስም በካርድ ጽፋችሁ በፊደል ተራ ደርድሩ። በሁለት ቦታ ሊገባ የሚችል ስም ስንት አገኛችሁ?

3. ከወላጆቻችሁ ወይም ከአሳዳጊዎቻችሁ ጋር ሆናችሁ የእያንዳንዱን የቤተሰብ አባል ስም እስከ አያት፣ የልደት ዘመኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የትውልድ ቦታውንም ጻፉ። ይህን ወረቀት ቤት አስቀምጡት እንጂ ወደ ክፍል አታምጡት።