ጉሬዛ በእጅ ላይ፦ በሹራብ ክር የሚሠራ የልጆች አሻንጉሊት

የሹራብ መማሪያ መጻሕፍት የልጆች አሻንጉሊት ሲያሳዩ ከድብ ነው የሚጀምሩት። ድብ፣ ጥንቸል፣ አንዳንዴም ፔንግዊን። በኢሉባቡር የመቱ ከተማ ልጅ ድብን በቴሌቪዥን ካልሆነ አያውቀውም። የሚያውቀው ጎህ ሲቀድ ከሶር ወንዝ ዳር ጫካ የሚያጉረመርመውን ጉሬዛ፣ ከበቆሎ ማሳ በጩኸትና በወንጭፍ የሚባረረውን ዝንጀሮ፣ ማታ ከከተማው ዳር የሚሰማውን ጅብ ነው። ልጅ አሻንጉሊትን የሚያናግረው ደግሞ ስለ እንስሳው የሚለው ነገር ሲኖረው ነው። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ ድብ የለም፤ የምንሠራው ጉሬዛ ነው።

ጉሬዛን የመረጥነው የኢሉባቡር እንስሳ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ለጀማሪ እጅ ከእሱ የሚቀል ማግኘት ያስቸግራል። ቀለሙ ሁለት ነው፤ ጥቁርና ነጭ። ከትከሻው ጀምሮ በጎኑ የሚወርደው ረጅም ነጭ ጸጉር የጠማማ ስፌትን ነውር ሁሉ ይሸፍናል። ይበልጥ የሚያስደስተው ግን እጁ ነው። ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ በአራቱ ጣቶቹ ቅርንጫፍ እየጠለፈ ስለሚሄድ አውራ ጣቱ ትንሽ ጉብታ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። እኛም ጣት በጣት ከመሥራት እንድናለን ማለት ነው። ጫፉ ድፍን የሆነ አጭር እጅጌ ይበቃናል፤ ውሸትም አይሆንብንም።

አሻንጉሊት በሀገራችን ልጅን ሲያስተምር ማየት ለሚፈልግ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» አለች። አዲስ አበባ ውስጥ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የጀመረችው ይህ የቴሌቪዥን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2006 መታየት ጀመረ፤ በ2008 ደግሞ ዓለም አቀፍ የልጆች ፕሮግራም ሽልማት አገኘ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ፀሐይ በእጅ የምትንቀሳቀስ ቀጭኔ ናት። ዓይንና አፍ ያለው ጨርቅ፣ ውስጡ እጅ፣ ከእጁ ጀርባ ልጆችን የሚያውቅ ሰው፤ የነገሩ ሥር ይኸው ነው። ቀጭኔ በመቱ ጫካ የለችም፤ ከጎረቤት ከተማዋ ከጎሬ ቁልቁል ተወርዶ የሚደረስበት የጋምቤላ ሜዳ ግን ያውቃታል። ለመቱ ልጅ ከድቡ ይልቅ እሷ ትቀርበዋለች።

አሁን ወደ ክሩ። አዲስ ክር ከሱቅ መግዛት ይቻላል። ለአንድ የልጅ ጉሬዛ አንድ ባለ 50 ግራም ጥቁር ልቃቂትና የዚያ ግማሽ የማይሞላ ነጭ ይበቃል። የእኔ ምርጫ ግን ሰልባጅ ተራ ነው። ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዝናብና ጉም የማይለያት ከተማ ናት፤ በእንዲህ ያለ አገር የሰልባጅ ሹራብ ከገበያ አይጠፋም። ክርኑ የተቀደደ ወይም አንገቱ የተለጠጠ ለባሽ ያጣ ሹራብ በርካሽ ይገኛል፤ ከአንዱ አዋቂ ሹራብ ደግሞ ብዙ አሻንጉሊት ይወጣል።

ሁሉም ሹራብ ግን አይፈታም። ከመግዛትዎ በፊት ገልብጠው የጎኑን ስፌት ይዩ። ሁለቱ ዳሮች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ሙሉ ሆነው ከተሰፉ ክሩ ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ ይፈታል። ዳሩ ተቆርጦ በኦቨርሎክ የተለቀመ ከሆነ ይተዉት፤ እያንዳንዱ ረድፍ ለብቻው የተቆረጠ ስለሆነ የሚያተርፉት የቁርጥራጭ ክምር ነው። በሙቅ ውኃ ታጥቦ የተኮማተረና እንደ ብርድ ልብስ የጠነከረ ሱፍም አይፈታም። ደህናውን ሲያገኙ መጀመሪያ የጎኑን ስፌት በምላጭ በጥንቃቄ ይለያዩ፣ ከዚያ ከአንገቱ በኩል መፍታት ይጀምሩ። የተፈታውን በወንበር መደገፊያ ላይ ይጠምጥሙ፣ አራት ቦታ ላላ አድርገው ይሰሩት፣ ለብ ባለ ውኃ ነክረው አንጠፍጥፈው ይስቀሉት። ሲደርቅ ጥምዝምዙ ይለቃል። ክረምት ከሆነ ጣራ ሥር ይስቀሉት፤ ጎሬ አካባቢ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርዳል፤ ደጅ ያሰጡት ክር ሲመለሱ ከነከሩት በላይ ርሶ ሊጠብቅዎ ይችላል። የፋብሪካ ሹራብ ክር ቀጭን ስለሆነ ሁለት ወይም ሦስት አድርገው ደርበው ይሥሩበት።

ስለ ጥቁር ክር አንድ ማስጠንቀቂያ። በጥቁር ላይ የክሩ ዐይን አይታይም፤ በተለይ ማታ፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ጨርሶ። ሹራብ ይዘው የማያውቁ ከሆነ የመጀመሪያውን ቁራጭ በነጭ ይለማመዱ፤ ጥቁሩን በቀን ብርሃን፣ በረንዳ ላይ ይሥሩ። ጥቁር ቡናማ ቢጠቀሙም ልጁ አይከስዎትም።

መርፌው ባለ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። የምንጠቀመው አንድ ዓይነት አሠራር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱን ረድፍ፣ ሲሄዱም ሲመለሱም፣ በቀላሉ ቀጥተኛ ዐይን መሥራት። እንዲህ የተሠራ ጨርቅ ሁለቱም ገጹ አንድ ነው፣ ዳሩም አይጠቀለልም። በመካከለኛ ውፍረት ክር 20 ዐይን 10 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ 40 ረድፍ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። መጀመሪያ ትንሽ ቁራጭ ሠርተው በማስመሪያ ይለኩ። የእርስዎ እጅ ጠበቅ የሚያደርግ ከሆነ ከፍ ያለ ቁጥር መርፌ ይውሰዱ፤ የእጅ ጥብቀት እንደ ጠባይ ነው፣ በምክር አይለወጥም።

የሚከተለው ልክ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ለሆነ ልጅ እጅ ነው። በጥቁር ክር 20 ዐይን ይጀምሩና 44 ረድፍ ይሥሩ፤ ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ ይህ ሰውነቱ ነው። ቀጥሎ እጆቹ፦ በረድፉ መጀመሪያ ላይ 6 አዲስ ዐይን ይጨምሩና እስከ መጨረሻው ይሥሩ፤ ሲዞሩም እንደገና 6 ይጨምሩና ይሥሩ። አሁን መርፌው ላይ 32 ዐይን አለ። 10 ረድፍ ይሂዱ። ከዚያ በረድፉ መጀመሪያ 6 ዐይን ይዝጉና ቀሪውን ይሥሩ፤ ሲዞሩ በሌላው በኩልም 6 ይዝጉና ይጨርሱ። ወደ 20 ተመለስን። ለራሱ፣ በሁለት ረድፍ ላይ በሁለቱም ጫፍ ሁለት ሁለት ዐይን አንድ ላይ እየሠሩ ወደ 16 ይቀንሱ፣ 24 ረድፍ ቀጥ ብለው ይውጡ፣ ከዚያ በአራት ረድፍ በተመሳሳይ መንገድ እየቀነሱ 8 ሲቀር ይዝጉ። አናቱ ክብ ይሆናል። ይህንኑ አንድ ጊዜ ይድገሙት፤ ፊትና ጀርባ ሆነ።

ሁለቱን ቁራጮች ደርበው፣ ታችኛውን አፍ ብቻ ክፍት ትተው፣ ዐይኑ ሰፊ በሆነ መርፌ በዚያው ክር ዙሪያውን ይስፉ። ብብቱ ሥር ሁለት ጊዜ ይስፉበት፤ መጀመሪያ የሚተረተረው እዚያ ነው። ልጁ አውራ ጣቱን በአንዱ እጅ፣ ትንሿን ጣቱን በሌላው፣ መካከለኛዎቹን በራሱ ውስጥ ያስገባል። ለመምህር ወይም ለእናት እጅ ሰውነቱን በ26 ዐይን ይጀምሩ፣ ለእጆቹ 8 ዐይን ይጨምሩና 16 ረድፍ ይሥሩ፣ ርዝመቱንም በራስዎ መዳፍ እየለኩ ያስረዝሙ።

እዚህ ድረስ የሠሩት ነገር ጥቁር ጓንት ነው። ጉሬዛ የሚያደርገው ነጩ ዘርፍ ነው፤ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ወርዱ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ላይ ነጩን ክር ጠምጥመው በአንድ ወገን በመቀስ ይቁረጡት፤ እኩል የሆኑ ባለ 14 ሴንቲ ሜትር ክሮች ያገኛሉ። ሁለቱን ሁለቱን አጥፈው በኪሮሽ ከጀርባው ጨርቅ ሥር ይሳቡና ጫፋቸውን በቀለበታቸው ውስጥ አሳልፈው ያጥብቁ። ከአንዱ ትከሻ ይጀምሩ፣ በጎኑ ይውረዱ፣ በወገቡ ላይ ያዙሩ፣ በሌላው ጎን እስከ ትከሻ ይውጡ። የእውነተኛው ጉሬዛ ካባም እንዲሁ ነው የሚዞረው። ሲዘል ይህ ጸጉር ይበተናል፤ አሻንጉሊቱም ሲወዛወዝ መበተን አለበት፣ ስለዚህ ዘርፉን ለማሳመር ብለው አያሳጥሩት።

በአንድ ወቅት የጉሬዛ ቆዳ እየተሰፋ ምንጣፍ ይሆን ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለቱሪስት በስጦታ ዕቃነት ይሸጥ ነበር። ለአንድ ምንጣፍ ስንት ጉሬዛ እንደሚያልቅ ነጩን ዘርፍ አንድ በአንድ ሲቋጥሩ ግምቱ ይመጣልዎታል። ዛሬ ጉሬዛን በብዛት ማየት የሚፈልግ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ ወደተመዘገበው የያዮ ቡና ደን ጥብቅ ስፍራ ጎራ ይበል።

ፊቱ ጥቁር ነው፤ በግንባሩ፣ በጉንጩና በአገጩ ዙሪያ ነጭ ይከበዋል፣ አናቱ ላይ ጥቁር ቆብ ይቀራል። ለግንባሩ በነጭ ክር አንድ መስመር ይጥለፉ፤ ለጉንጩና ለጢሙ ባለ 3 ሴንቲ ሜትር ዘርፍ ያድርጉ። ዓይኖቹን በቡናማ ክር ይጥለፉ። በቡና አገር ለዓይን የቡና ፍሬ መስፋት ያምራል፤ ያጓጓል፤ ግን አያድርጉት። ፍሬውም ቁልፉም ተነቅሎ የሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ሊሰነቀር ይችላል፤ ቤት ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ካለ ደግሞ አሻንጉሊቱ የማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም፣ አፍ ውስጥ ይገባል። ጭራው ከሦስት ጥቁር ክሮች የተጎነጎነ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ዘርፍ ያለው ይሁን። ከ15 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ረጅም ገመድ አንገት ላይ መጠምጠም ይመጣል።

ክር ከተረፈዎ ግልገሉን ይሥሩ። የጉሬዛ ግልገል ሲወለድ ሙሉ ነጭ ነው፣ ፊቱም ቀላ ያለ ነው፤ የእናቱን ጥቁርና ነጭ የሚይዘው ወራት ቆይቶ ነው። 12 ዐይን በነጭ ጀምረው 20 ረድፍ ይሥሩ፣ አጥፈው ጎኑንና ላዩን ይስፉ፤ ለአንድ ጣት ይበቃል። ልጆች «ይሄ የሷ ልጅ አይደለም!» ብለው ይከራከራሉ፤ ከዚህ የተሻለ የተረት መነሻ አይገኝም። በመንጋው ውስጥ ያሉ ሌሎች ሴቶችም ግልገሉን ተቀባብለው ይሸከሙታል፤ ጎረቤት የሚያሳድገው ልጅ ማለት ነው፣ ይህን ማንም የመቱ ልጅ ይረዳዋል።

ዝንጀሮና ጅብ በዚሁ ልክ ይወጣሉ። ለዝንጀሮ ግራጫ ወይም አረንጓዴ የቀላቀለ ቡናማ ክር ይውሰዱ፤ ፊቱን ከመሀል ላይ ለብቻው በሠሩት ትንሽ ከረጢት ወደ ፊት ያስረዝሙት፣ በጥቂት ጥጥ ይሙሉት። ለጅብ ጆሮው ክብና ትልቅ፣ ሰውነቱ ላይ በጥልፍ የተዘሩ ጥቁር ነጥቦች፤ ሌላው ሁሉ አያስፈልግም። ሁሉንም ምልክት አንድ አሻንጉሊት ላይ ለመጫን የሚሞክር ሠሪ መጨረሻ ላይ ማን እንደሆነ የማይለይ እንስሳ ይዞ ይቀራል።

ለኦ ክፍል መምህራን አንድ ነገር ልጨምር። አሻንጉሊቱ የማይናገር ከሆነ አያንቀሳቅሱት፤ ሲናገር ደግሞ እርስዎን ሳይሆን ልጁን ይይ። በመቱ አንድ ክፍል ውስጥ ቤቱ በኦሮምኛ የሚያወራና ቤቱ በአማርኛ የሚያወራ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ጉሬዛው ሁለቱንም እያቀላጠፈ ቢናገር፣ አንዳንዴም አንዱን ተሳስቶ ልጆቹ ቢያርሙት፣ መምህሩን ለማረም የማይደፍር ልጅ እሱን ያርመዋል። ጉሬዛውን ግን ተቆጪ አያድርጉት። «ጉሬዛ ተቆጥቷል፣ ዝም በሉ» ያለ መምህር በማግስቱ አሻንጉሊቱን ሲያወጣ ልጆቹ ወደኋላ ሲሸሹ ያያል።

ማጠቢያው ለብ ያለ ውኃና ጥቂት ሳሙና ነው። አይጠምዝዙት፤ በፎጣ ጠቅልለው ይጫኑትና ዘርፉን በጣት አበጥረው ጠፍጣፋ ነገር ላይ አንጥፈው ያድርቁት። ውስጡ ሳይደርቅ ሣጥን ከገባ ይሸታል። ከሁሉ በፊት የሚያልቀው የአናቱ ጫፍ ነው፤ የልጅ ጣት ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ይገፋል። ጥቁሩን ክር ሁሉ አይጨርሱት፤ ጥቂት ክንድ አስቀርተው ከአሻንጉሊቱ ጋር በላስቲክ ያኑሩት። ቀዳዳው ሳይሰፋ፣ አንድ ዐይን እንደተፈታ፣ ከውስጥ በኩል በዚያ ክር አራት አምስት ጊዜ እየተሻገሩ ይድፈኑት።