ለቤትና ለመጋዘን ሥራ የሚውል የባሕር ዛፍ እንጨት አደራረቅና ከምስጥ አጠባበቅ

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የደጋውና የወይና ደጋው ቤት በአብዛኛው የሚቆመው በእርሱ ነው። ቀድሞ ለቋሚነት ይመረጥ የነበረው ጥድ ነበር። ቀላ ያለው የጥድ የመሐል እንጨት ያለ ምንም መድኃኒት ምስጥንና መበስበስን ይቋቋማል፤ በኬንያ ደጋዎችም ይህንኑ ዛፍ በስሱ እየሰነጠቁ ጣራ ይከድኑበት ነበር። ዛሬ ጥድ ተመናምኗል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ከኮሶ፣ ከዝግባና ከዋንዛ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎት ነበር። በመሆኑም የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሊያውቁት የሚገባው ባሕር ዛፍን አድርቆና አክሞ ማቆየትን ነው።

በአንድ ማኅበር ያየነውን እናስቀድም። የእህል መጋዘኑ በግንቦት ተሠራ። ቋሚዎቹ በተቆረጡ በሳምንታቸው ተተከሉ፤ የሚቀበሩት ጫፎችም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተቀቡ። ሁለት ክረምት እንዳለፈ ግድግዳው ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። ቆፍረን ስናይ ቋሚዎቹ ከመሬት ወለል ጥቂት ዝቅ ብሎ በምስጥ ተበልተዋል። ዘይቱ እርጥቡ እንጨት ውስጥ ሳይሰርግ ከላይ ብቻ ቀርቷል፤ እንጨቱ ሲደርቅም ተሰነጠቀና ምስጥ በስንጥቁ ገባ። የተቃጠለ ዘይት ውኃን ለጊዜው ይመልስ እንደሆነ እንጂ የእንጨት መድኃኒት አይደለም፤ የጉድጓድ ውኃንም ይበክላል። ጫፉን በእሳት መለብለብም ብቻውን አይበቃም፤ ከሰል የሆነው ቅርፊት ሲሰነጠቅ ውስጡ ይጋለጣልና።

የመቁረጫ ወቅትና አደራረቅ

እንጨት የሚያበሰብሱ ሻጋታዎች የእርጥበቱ መጠን ከ20 በመቶ በታች በሆነ እንጨት ላይ አያድጉም። ክረምት እንደወጣ በጥቅምትና በኅዳር የተቆረጠ እንጨት የበጋው ነፋስ ስለሚያገኘው ለመጋቢትና ለሚያዝያ ግንባታ ይደርሳል። ግለሰብ ገበሬ ይህን ያህል ለመጠበቅ አቅም ላይኖረው ይችላል፤ ማኅበር ግን ቀድሞ ቆርጦ፣ አድርቆ ለአባላቱ ሊያከፋፍል ይችላል። እኛም ማኅበራት በዚህ ሥራ ቢገቡ ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጥ ይጠቅማሉ እንላለን።

ዛፉ እንደወደቀ ልጡ ወዲያውኑ ይላጥ። ልጡ ከቆየ እንጨቱ ቶሎ አይደርቅም፤ ቦርቧሪ ጥንዚዛዎችም ከሥሩ ይራባሉ። ባሕር ዛፍ፣ በተለይም ነጩ፣ ከጫፉ የመሰንጠቅ ጠባይ አለው። ስለዚህ ሁለቱም ጫፎች በዕለቱ ሬንጅ፣ ሰም ወይም ወፍራም ቀለም ይቀቡ፤ እነዚህ ካልተገኙ ወፍራም የእበት ልስን ከምንም ይሻላል። ክምሩ ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ባሉ ድንጋዮች ላይ ይሁን። በየረድፉ መካከል አግድም ቀጫጭን እንጨት ይግባ። ፀሐይ ላይ መዘርጋት ሥራውን ያፈጠነ ይመስላል፤ ነገር ግን እንጨቱን ያጣምመዋል፣ ይሰነጥቀዋልም።

መድረቁን ለማወቅ ከክምሩ ሁለት ሦስት እንጨት ምልክት አድርጎ በየሁለት ሳምንቱ በእህል ሚዛን መመዘን ነው። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ከአየሩ ጋር ተስተካክሏል ማለት ነው። በቁጥር ማወቅ ያስፈለገ እንደሆነ ከጫፉ ግማሽ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ቀጭን ቁራጭ ይወሰድና ይመዘን። ከዚያም በለዘብተኛ እሳት ምጣድ ላይ፣ ሳያር፣ ክብደቱ መለወጡን እስኪያቆም ይድረቅ። 200 ግራም የነበረው ቁራጭ 160 ግራም ቢሆን ልዩነቱ 40 ግራም ለ160 ይካፈላል። ውጤቱ 25 በመቶ ስለሚሆን ክምሩ ገና ነው።

እርጥብ የሚሻ መድኃኒትና ደረቅ የሚሻ መድኃኒት

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በውኃ ስለሚሟሙ ወደ ውስጥ የሚዘልቁት እንጨቱ እርጥብ ሳለ ነው። ዘይት ነክ መድኃኒት ደግሞ ደረቅ እንጨት ይፈልጋል። ሁለቱን ማቀያየር ሁለቱንም ከንቱ ያደርጋል።

ለማገር፣ ለወራጅና ለቀርከሃ፣ ይኸውም ዝናብና መሬት ለማይነካቸው ሁሉ፣ የምንመርጠው ቦራክስን ነው። 3 ኪሎ ቦራክስና 2 ኪሎ ቦሪክ አሲድ በ45 ሊትር ሙቅ ውኃ ይሟሟል። አዲስ የተላጠው እንጨት በዚህ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ከተዘፈዘፈ በኋላ በላስቲክ ተሸፍኖ ይቆያል፤ ለእያንዳንዱ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ያህል ይታሰብለታል። ከዚያ በኋላ በጥላ ይደርቃል። መድኃኒቱን ዝናብ ስለሚያጥበው መሬት ውስጥ ለሚቀበር ቋሚ አይሆንም።

ለቋሚ የሚያገለግለው ክሪዮሶት ነው። የደረቁት ቋሚዎች ከነዘይቱ በበርሜል ውስጥ ቆመው እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ለጥቂት ሰዓት ይሞቃሉ፤ ከዚያም እሳቱ ተወግዶ እዚያው ይቀዘቅዛሉ። ሲሞቅ በእንጨቱ ውስጥ ያለው አየር ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ የቀረው አየር ስለሚኮማተር ዘይቱን ይስበዋል። ዋናው ሥራ የሚሠራው በመቀዝቀዙ ጊዜ ስለሆነ ቸኩሎ ማውጣት ልፋቱን ያስቀራል። ዘይቱ የሚዘልቀው ነጣ ባለው የውጭ ክፍል ብቻ ነው፤ የባሕር ዛፍ የመሐል እንጨት መድኃኒት አይቀበልም። ስለዚህ ቋሚው ክብ እንደሆነ ይታከም እንጂ አይጠረብ። እርጥብ እንጨት ከገባ ውኃው ሲፈላ ዘይቱ ገንፍሎ እሳት ላይ ይፈስሳል። ክሪዮሶት ቆዳን የሚያቃጥልና ለካንሰርም የሚያጋልጥ መርዝ ነው። ስለዚህ የሠለጠነ ሰው፣ ጓንትና ከመንደር የራቀ ቦታ የሌለው ማኅበር አይጀምረው።

እንዲህ ያለው ማኅበር ቋሚውን መሬት ውስጥ ባይቀብረው ይመረጣል። ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ ቋሚ ደርቆ ይኖራል፤ ምስጥም በድንጋዩ ላይ የሚሠራው የአፈር ዋሻ ስለሚታይ በየሳምንቱ እየዞሩ ማፍረስ ይቻላል። በወለጋ እንደታየው ምስጥ በጠናበት አገር ይህ መሠረት የግድ ነው።

ቀድሞ ለምስጥ ይሰጡ የነበሩት አልድሪንና ዲልድሪን በ2001 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ታግደዋል። በአሮጌ መጋዘን ከተገኙ ሳይከፈቱ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይነገር። ክሪዮሶት የገባበት እንጨት ቁርጥራጩም ሆነ ፍርስራሹ ለማገዶ፣ ለጎተራ ወይም ለከብት ገንዳ አይዋል።