ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ የጥናት ውጤትን በሴሚናር ማቅረብ

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምታነቡበት ጊዜ የየዐረፍተ ነገሩን ማሰሪያ አንቀጽ ልብ በሉ።

ኬሚስቱ በብልቃጥ ውስጥ ያገኘውን ነገር በፋብሪካ በብዛት ለማምረት ሌላ ዕውቀት ያስፈልጋል። ሙቀቱ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል? ፈሳሹ በቧንቧ ውስጥ በምን ኃይል ይገፋል? ጋዙ ቢያፈተልክ ምን ይደርሳል? እነዚህን የመሳሰሉ ጥያቄዎች የሚመረምረው ሙያ የኬሚካል ምህንድስና ይባላል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በዚህ ስም ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። (በዚህ ምንባብ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በዩኒቨርሲቲ የኬሚካል ምህንድስና ክፍል ውስጥ ከመደበኛው ትምህርት ሌላ ሴሚናር የሚባል ስብሰባ ይደረጋል። ሴሚናር ማለት አንድ አጥኚ፣ መምህርም ሆነ የከፍተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ የጥናቱን ውጤት በሙያ ባልደረቦቹ ፊት በቃል የሚያቀርብበትና የሚጠየቅበት ጉባኤ ነው። አድማጮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ዕውቀት የላቸውም፤ አንዱ በሙቀት ዝውውር፣ ሌላው በማጣራት ሥራ፣ ሌላው ደግሞ በካታሊስት፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ የኬሚካል ለውጥን በሚያፋጥን ነገር፣ የተካነ ነው። ስለዚህ አቅራቢው ያላሰበው ጥያቄ ካላሰበው አቅጣጫ ይመጣበታል። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ጥናት ገና ያላለቀ ነው። ይህም ነውር አይደለም፤ ስሕተቱ ፋብሪካው ከመቆሙ በፊት በሰሌዳ ላይ ቢገኝ ይሻላልና።

የባልደረባ ጥያቄ ምን ያህል ሊጠቅም እንደሚችል ለመረዳት ከአንድ ክፍል ሴሚናር ወጥተን ወደ ሰፊ የሳይንስ ጉባኤ እንሂድ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ፍሪትስ ሃበር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በካርልስሩኸ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ተዋሕደው ምን ያህል አሞኒያ እንደሚሰጡ ለክቶ ውጤቱን በ1905 አሳተመ። በ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የተገኘው አሞኒያ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ፣ ለመለካት የሚያስቸግር ኢምንት ነበር። ዋልተር ነርንስት የተባለው ሌላ ሊቅ ግን ቁጥሩ ከራሱ የሙቀት ሕግ ጋር አልገጥም አለው፤ ይህንንም ለሃበር ጻፈለት። ሃበር ከረዳቱ ከሮበርት ለ ሮሲኞል ጋር ልኬቱን ደገመው። የፊተኛው ቁጥር በእርግጥም ከፍ ብሎ ነበርና ዝቅ አደረገው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1907 በሐምቡርግ በተደረገው የቡንዘን ማኅበር ጉባኤ ላይ ነርንስት የታረመውንም ቁጥር ሳይቀበል ቀረ። ልኬቱ በከፍተኛ ግፊት መደረግ አለበት ሲል በሊቃውንቱ ፊት ተናገረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አሞኒያ ሲሠራ አራት እጅ የነበረው ጋዝ ሁለት እጅ ይሆናል፤ ግፊት ሲበዛም ለውጡ ወደ አነሰው መጠን ያደላል፤ የሚገኘው አሞኒያ ሲበዛ ደግሞ መለካቱ ይቀላል። ሃበር በዚያ ቀን እጅግ ተከፋ። ቢሆንም ሁለቱ ሰዎች ወደ ቤተ ሙከራቸው ተመልሰው በ30 አትሞስፌር ግፊት ለኩ። በዚህ ጊዜ የታረመው የሃበር ቁጥር ጸንቶ ተገኘ።

እንግዲህ ነርንስት በፊተኛው ጥያቄው ትክክል ነበር፤ በኋለኛው ግን የተረታው እርሱ ነው። ሆኖም ከሁለቱ ጥያቄዎች ይልቅ ብዙ ፍሬ የሰጠው የተረታበቱ ይመስላል። ሃበርና ለ ሮሲኞል በከፍተኛ ግፊት መሥራትን ለምደው ነበርና ሐምሌ 2 ቀን 1909 ኦስሚየምን በካታሊስትነት ተጠቅመው ፈሳሽ አሞኒያ ሲንጠባጠብ ቢ.ኤ.ኤስ.ኤፍ. ከተባለው የኬሚካል ኩባንያ ለመጡ ሰዎች አሳዩ። ካርል ቦሽ የሚመራቸው መሐንዲሶች የቤተ ሙከራውን መሣሪያ ወደ ፋብሪካ ለውጠው በ1913 በኦፓው ማምረት ጀመሩ። ዛሬ ገበሬዎቻችን በማሳቸው ላይ የሚበትኑት ዩሪያ የተባለው ማዳበሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው። (ያው አሞኒያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለፈንጂ መሥሪያም ውሏል።) ሃበር ከጦርነቱ በኋላ በበርሊን ዳህሌም በሚመራው ተቋም ውስጥ ሊቃውንት እየተገናኙ የሚጠያየቁበት ጉባኤ ነበረው። በሐምቡርግ የተከፋው ሰው ከጥያቄ አልሸሸም ማለት ነው።

ለ. የቋንቋ ማብራሪያ

በአማርኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ተናጋሪው ነገሩን አይቶት ይሁን ገምቶት፣ ወይስ ከሌላ ሰምቶት የሚታወቀው ባብዛኛው በዚሁ በመጨረሻው ቃል ነው። «ግፊቱ ሲጨምር አሞኒያው ጨመረ» የሚል ሰው አንድ ቀን ያየውን ይመሰክራል። «ግፊቱ ሲጨምር አሞኒያው ይጨምራል» ሲል ግን ሕግ መደንገጉ ነው። «ሳይጨምር አይቀርም» ካለ ይገምታል፤ «ይጨምራል ይባላል» ካለ ምስክሩ ሌላ ሰው ነው። ብዙ ተማሪዎች በቃል ሲያቀርቡ የዐረፍተ ነገራቸውን መጨረሻ በጉሮሮአቸው ውጠው ያስቀሩታል። በሴሚናር ከዚህ የከፋ ጉድለት የለም፤ አድማጩ ሊጠይቅበት የሚገባውን ቃል ተነጥቋልና።

አንድ ተማሪ ዘይት በሚያሟሟ ፈሳሽ ከኑግ ዘይት ማውጣትን አጥንቶ እንዲህ ሲል አቀረበ እንበል፦

«ኑግ በ60 ዲግሪ ብዙ ዘይት ይሰጣል። ሙቀቱ የፍሬውን ልባስ ስለሚያለሰልሰው ነው።»

እነዚህ ዐረፍተ ነገሮች ቢጤን አይሰጡም፤ ጥያቄ የሚገባበት ቀዳዳ የላቸውም። አሁን የሚከተለውን ተመልከቱ፦

«ሙከራውን ሦስት ጊዜ አደረግሁ። በሦስቱም ጊዜ በ60 ዲግሪ የተገኘው ዘይት በ40 ዲግሪ ከተገኘው በልጧል። ሙቀቱ የፍሬውን ልባስ አለስልሶት ሳይሆን አይቀርም፤ ይህን ግን ገና አልፈተሽሁም።»

ከአድማጮች መካከል አንዱ «ለሁለቱም ሙቀት የተፈጨው ኑግ በእኩል ልሞ ነበርን?» ብሎ ቢጠይቅ ነገሩ ይናጋል። ይበልጥ የላመ ፍሬ ዘይቱን በቀላሉ ይለቃልና። አጥኚው ግምቱን ከልኬቱ ለይቶ ስላስቀመጠ የሚናጋው ግምቱ ብቻ ነው፤ የለካው ቁጥር ባለበት ይቆማል።

የሳይንስ ጽሑፍ ሁሉ «ተለካ»፣ «ተደረገ» በሚሉ ተደራጊ ግሦች መጻፍ አለበት የሚሉ አሉ። የዚህ መጽሐፍ አዘጋጅ በዚህ አይስማማም። ተደራጊው ግሥ የሚጠቅመው ለካው ማን እንደ ሆነ በማያጠራጥርበት ቦታ ነው፤ ሲያጠራጥር ግን «ለካሁ» ማለት ትዕቢት ሳይሆን ኀላፊነት መውሰድ ነው።

ሐ. መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ «ይመስላል» የሚለው ማሰሪያ የገባበትን ዐረፍተ ነገር ፈልጉ። በምትኩ «ነው» ቢገባ የጸሐፊው ኀላፊነት እንዴት ይለወጣል?

2. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አንድ ጊዜ የታየ ነገር፣ አንድ ጊዜ ግምት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከሌላ የተሰማ ወሬ እንዲሆኑ አድርጋችሁ ጻፉ።
ሀ) ጨው የገባበት ውኃ ዘግይቶ ይፈላል።
ለ) የጠላ ድፍድፍ በቆላ ቶሎ ይደርሳል።

3. በቤታችሁ ወይም በቤተ ሙከራችሁ ሁለት ጊዜ ያደረጋችሁትን አንድ ሙከራ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለክፍል ጓደኞቻችሁ በቃል አቅርቡ። አድማጮች ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። በማግስቱ ያንኑ ገጽ እንደገና ጻፉና በጥያቄው ምክንያት የተለወጡትን ማሰሪያ አንቀጾች አስምሩባቸው።