«ምን ትሠራለህ?» የእንግሊዝኛን የአሁን ጊዜ ግሥ በሥራ እንቅስቃሴ ስለ ማስተማር

በአማርኛ «እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብለን ስንጠይቅ ሁለት ዓይነት መልስ ሊሰጠን ይችላል። አንዱ «የጥበቃ ሠራተኛ ነኝ» ይላል፤ ሌላው «ጓደኛዬን እየጠበቅሁ ነው» ይላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ግሡ ሁለቱንም ትርጉም ይሸከማልና። እንግሊዝኛ ግን ገና ከጥያቄው ይለያል። «ዋት ዱ ዩ ዱ?» የሚል ሰው መተዳደሪያን ይጠይቃል፤ «ዋት አር ዩ ዱዊንግ?» የሚል ደግሞ በዚያች ሰዓት በእጅ የተያዘውን ተግባር። የሙያ ሥልጠና ያጠናቀቁ ወጣቶች በሆቴል ወይም በግንባታ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ የመጀመሪያው ጥያቄ ሊያገኛቸው ስለሚችል፣ ልዩነቱን አለማወቅ እንጀራ ሊያሳጣ ይችላል። በሙያዋ የተካነች ልብስ ሰፊ «አይ አም ሲቲንግ» ብላ ብትመልስ ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ እንከን የለውም፤ ጠያቂው ግን ሙያዋን ሳያውቅ ይቀራል።

ይህን ልዩነት ብዙዎቻችን የተማርነው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተሰመረ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ለፈተና ይጠቅማል፤ ለአፍ ግን ብዙ አይረዳም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መምህራንና የሥልጠና አስተባባሪዎች ያለ ብዙ ወጪ ሊጠቀሙበት የሚችሉትን ሌላ መንገድ እናቀርባለን፤ ይኸውም አንድ ተማሪ የአንድን ሙያ ሥራ ያለ ቃል በእንቅስቃሴ ብቻ እያሳየ ሌሎቹ በእንግሊዝኛ የሚናገሩበት ድምፅ አልባ ትወና ነው። ቋንቋን ከአካል እንቅስቃሴ ጋር አጣምሮ የማስተማር ሐሳብ አዲስ አይደለም። ጄምስ አሸር የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ «ቶታል ፊዚካል ሪስፖንስ» የተሰኘውን ዘዴ ያስተዋወቁት በዚሁ መሠረት ላይ ቆመው ነበር። በእርሳቸው ዘዴ ተማሪው ትእዛዝ ሰምቶ ይፈጽማል፤ በእኛ ግን አድራጊው ዝም ይላል፣ ተመልካቹ ይናገራል።

አንዲት ተማሪ ወደ ፊት ትውጣና እንጀራ ትጋግር። ምጣዱን ታስስ፣ ሊጡን ከዳር ጀምራ ወደ መሐል እያዞረች ታፍስስ፣ አክንባሎውን ትክደን። እጇ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ብቻ መምህሩ «ዋት ኢዝ ሺ ዱዊንግ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ክፍሉም «ሺ ኢዝ ቤኪንግ» ይበል። ከዚያም መምህሩ ያጨብጭብ፤ ተማሪዋ እጇን አጣጥፋ ትቀመጥ። የትምህርቱ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። «ኢዝ ሺ ቤኪንግ?» ሲባል መልሱ «ኖ» ነው፤ «ደዝ ሺ ቤክ?» ሲባል ግን «የስ፣ ሺ ቤክስ ኢቭሪ ዴይ» ይሆናል። እጅ አርፏል፤ ሙያው ግን አላረፈም። በሰንበት መጋዙን ያስቀመጠ አናጢ አናጢነቱ እንደማይቀር ተማሪው ያውቃል፤ ሁለተኛውን የግሥ መልክ የምናስርለት በዚህ በሚያውቀው ነገር ላይ ነው።

አናጢው ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ምስማር ይመታል። በየእንቅስቃሴው ዓረፍተ ነገሩ ይለዋወጣል፦ «ሂ ኢዝ ሜዠሪንግ»፣ «ሂ ኢዝ ከቲንግ»፣ «ሂ ኢዝ ሃመሪንግ»። ሙያውን የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ግን አንድ ሆኖ ይኖራል።

አስቸጋሪው ስፍራ ብዙ መምህራን የማይጠብቁት ነው። የጥበቃ ሠራተኛ ሆኖ የቀረበ ተማሪ በር ላይ ቀጥ ብሎ ቢቆም፣ በአማርኛ «ቆሟል» እንላለን፤ እንደዚሁም «ተቀምጧል»፣ «ተኝቷል»፣ «ዩኒፎርም ለብሷል»። ቋንቋችን ድርጊቱ ተፈጽሞ ውጤቱ እንደ ጸና አድርጎ ያየዋል። ስለዚህ ተማሪው ወደ ኃላፊ ጊዜ ያዘነብልና «ሂ ስቱድ» ይላል። እንግሊዝኛ ግን «ሂ ኢዝ ስታንዲንግ»፣ «ሂ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ዩኒፎርም» ይላል። «ኢንግ» ማለት መንቀሳቀስ ነው ብሎ ያስተማረ መምህር እዚህ ላይ መልስ ያጣል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር የለምና። «ኢንግ» ለጊዜው፣ በዚህች ሰዓት ያለውን ሁኔታ ያሳያል ብሎ መጀመር ይሻላል። እንደ «አውቃለሁ»፣ «እፈልጋለሁ» እና «ገብቶኛል» ያሉት ደግሞ አሁንም ያሉ ቢሆኑ «አይ ኖው»፣ «አይ ዎንት»፣ «አይ አንደርስታንድ» እንጂ በ«ኢንግ» አይነገሩም። በእንቅስቃሴ ለማሳየትም ስለሚያስቸግሩ ለሌላ ቀን ይቆዩ።

በግሡ መጨረሻ የምትጨመረው ድምፅም ትረሳለች።  በ«ኩክስ» ላይ «ስ»፣ በ«ክሊንዝ» ላይ «ዝ»፣ በ«ቲቺዝ» ላይ «ኢዝ» ሆና እንደምትሰማ በሙያዎቹ መካከል ማስለመድ ይበቃል።

ሙያ ሲመረጥ ግን ጥንቃቄ ያሻል። በአገራችን ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ለረጅም ዘመን በንቀት ስም ሲጠሩ ኖረዋል፤ ከተማሪዎቹ መካከል የእነርሱ ልጆች ሊኖሩ ይችላሉ። ትወና ሣቅ ይፈጥራል፤ ሣቁ ተማሪው የሚያሳየውን እስኪለዩ በሚደረገው ግምት ላይ ቢሆን መልካም ነው፤ በሙያው ላይ ከሆነ ግን መምህሩ ወዲያው ያቁመው። እኛ የምንመርጠው ሸማኔውን ሥራውን የሚያውቅ ተማሪ እንዲያሳየው ነው፤ መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ፣ እግር መርገጫውን ሲለዋውጥ ክፍሉ በሣቅ ፈንታ ይመለከታል።

አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለአራት ሙያዎች ይበቃል። የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ለቃለ መጠይቅ ልምምድ መተው ይገባል፦ ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡ፤ አንዱ እጁን በሥራ ያንቀሳቅስ፤ ሌላው ሁለቱን ጥያቄዎች ቅደም ተከተላቸውን እያለዋወጠ ይጠይቀው። መላሹ እጁን ሳያቆም «አይ አም ሶዊንግ» እና «አይ ሶው ክሎዝስ» የሚሉትን ሳያደናግር ከመለሰ፣ ተራውን ለጠያቂው ይልቀቅ።