ሞተሩ እየዞረ ስለማይነሣ አውቶሞቢል

በናይሮቢ ከመጋቢት እስከ ግንቦት በሚወርደው ዝናም ጊዜ፤ እንደ ፔዦ 504 ያለው አሮጌ አውቶሞቢል ሞተሩ እየዞረ አልነሣ ማለቱ የታወቀ ነው። ሞተሪኖው በኀይል ካዞረ ባትሪው ደኅና ነው፤ ባለቤቱ ግን ማስነሣቱን ሲደጋግም ይህንኑ ደኅና ባትሪ ይጨርሰዋል። ስለዚህ መለዋወጫ ፍለጋ ወደ ኪሪንያጋ መንገድ ከመሄድ በፊት፤ ቁልፉ ተዘግቶ የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ውስጡ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ ብዙውን ጊዜ ነገሩ በዚሁ ያልቃል። ካላለቀ ካንዴላ ተፈትቶ ይመርመር። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም፤ ሆኖም ቤንዚን በእጅ ወደ ካርቡራተሩ ማፍሰስ ቃጠሎ ያመጣልና አይገባም። ከረጠበ ወይ ብልጭታ የለም፤ ወይም ቤንዚን በዝቶበታል። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሯ ስስ ነው፤ በሞምባሳ ቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር በዚያ ቤንዚን ያበዛል።